ዩኒቨርሲቲ የራሱን ሰው ሲመረምር

በሰኔ 2011 ስቶክሆልም በሚገኘው የካሮሊንስካ ሆስፒታል አንድ ኤርትራዊ ታካሚ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አይስላንድ ውስጥ ጂኦሎጂ የሚማር ሰው ነበር። የአየር ቧንቧው ላይ ዕጢ ወጥቶበታል። ፓውሎ ማኪያሪኒ የተባለው ዝነኛ ቀዶ ሐኪም ከፕላስቲክ የተሠራ ቧንቧ ከታካሚው መቅኔ የተወሰዱ ሴሎች እንዲያርፉበት አድርጎ ተከለለት። በዓለም የመጀመሪያው ነው ተባለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ላንሴት መጽሔት የታካሚውን በጎ ሁኔታ የሚናገር ጽሑፍ አወጣ። በጥር 2014 ሰውየው ሞተ። በካሮሊንስካ ያንን ሰው ሠራሽ ቧንቧ የተተከሉት 3 ሰዎች ናቸው። ሦስቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ያልተሳካ ሕክምና ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን 4 የካሮሊንስካ ሐኪሞች መጽሔቱ ላይ የወጣውንና የሕክምና ካርዱ ላይ የሰፈረውን ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ። አልገጠመም። በ2014 አቤቱታቸውን ጽፈው ለአስተዳደሩ አስገቡ። ያገኙት ምስጋና አልነበረም። «የታካሚ ምስጢር ጥሳችሁ ካርድ ከፍታችኋል» ተብለው ራሳቸው ተወነጀሉ።

የካሮሊንስካ ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ ከውጭ መርማሪ ሾመ። ቤንግት ዬርዲን የሚባሉ፣ ከኡፕሳላ የመጡ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ናቸው። ሥራቸው በአንድ በኩል ቀላል፣ በሌላ በኩል አድካሚ ነበር። ጽሑፉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይዘው «ይህ ከየት መጣ?» እያሉ ከካርዱ ጋር ማመሳከር። ታካሚው በእነዚያ ወራት በእርግጥ እንዴት ነበር? ምርመራ ተደረገለት የተባለው መቼ ነው? ውጤቱስ የት አለ? በግንቦት 2015 ድምዳሜያቸውን አቀረቡ። የምርምር ማጭበርበር ተፈጽሟል አሉ።

በነሐሴ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ አንደርስ ሃምስተን ሪፖርቱን ተቀብለው ሌላ ውሳኔ ሰጡ። ማኪያሪኒ ጥንቃቄ ጎድሎታል እንጂ አላጭበረበረም አሉ። ጉዳዩ ተዘጋ።

የተከፈተው በጥር 2016 የስዊድን ቴሌቪዥን በጉዳዩ ላይ ዘጋቢ ፊልም ካሳየ በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር ተናደ። በየካቲት ሃምስተን ለቀቁ። በመጋቢት ማኪያሪኒ ተባረረ። በመስከረም የስዊድን መንግሥት የዩኒቨርሲቲውን ቦርድ አሰናበተ። በ2018 ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ6 ጽሑፎች ላይ ማጭበርበር መኖሩን አመነ። በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት ማኪያሪኒን በ3 ታካሚዎች ላይ በፈጸመው ከባድ የአካል ጉዳት 2 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈረደበት።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ምርመራው አልወደቀም። መርማሪው ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል። የወደቀው ሪፖርቱ ያረፈበት ጠረጴዛ ነው። ስለ ምርምር ማጭበርበር ሲወራ ሁሉም ሰው ስለ አጭበርባሪው ያወራል። እኔ ደግሞ ስለ ጠረጴዛው ማውራት እፈልጋለሁ። ማን ይመረምራል? ማን ይወስናል? ወሳኙ ደመወዝ የሚበላው ከማን ነው?

ስለዚህ ሥራ በዝርዝር የተጻፈ ሕግ ካላቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እዚያ በመንግሥት የጤና ምርምር ገንዘብ የሚሠራ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የምርምር ሐቀኝነት ኃላፊ ሊኖረው ግድ ነው። በፌዴራል ደረጃ ኦአርአይ የሚባል የምርምር ሐቀኝነት ጽሕፈት ቤት አለ፣ በ1992 የተቋቋመ። ነገር ግን ኦአርአይ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አይመረምርም። ዩኒቨርሲቲው መርምሮ ይልክለታል፣ እሱ ያያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቢሮ ብዙ ጊዜ የተጠርጣሪው ቀጣሪ ነው።

ሕጉ ማጭበርበር የሚለው 3 ነገሮችን ነው። የሌለ ዳታ መፍጠር፣ ያለውን መለወጥ ወይም መደበቅ፣ የሌላ ሰው ሥራ ወይም ሐሳብ መስረቅ። እነዚህም ሆን ተብሎ፣ እያወቁ ወይም በግዴለሽነት ከተፈጸሙ ነው። በቅንነት የተሠራ ስህተት አይገባም። «ስሜን ከጽሑፉ ላይ አወጣብኝ» የሚል ጸብም አይገባም። ይህ ብዙ ተማሪዎችን ያሳዝናል። አማካሪው ሥራውን የወሰደበት ተማሪ ወደዚህ ቢሮ ሲመጣ ብዙ ጊዜ «የእኛ ጉዳይ አይደለም፣ ወደ ሌላ ክፍል ሂድ» ይባላል። ሕጉ ጠባብ የሆነበት ምክንያት ይገባኛል። ግን በላብራቶሪ ውስጥ የሚፈጸመው በደል አብዛኛው ከዚህ አጥር ውጭ ነው የሚቀረው።

ጥቆማ ሲመጣ መጀመሪያ ኃላፊው ራሱ ያየዋል። የሚያዝ ነገር ካለው ቅድመ ማጣራት ይጀመራል። ከዚያ ያለፈው ወደ ሙሉ ምርመራ ይሄዳል። በ2024 በወጣው አዲስ ደንብ ለቅድመ ማጣራቱ 90 ቀን፣ ለሙሉ ምርመራው 180 ቀን ተሰጥቷል። ማራዘም ይቻላል፣ ይራዘማልም። ማስረጃው እንደ ወንጀል ችሎት ከጥርጣሬ ሁሉ በላይ መሆን የለበትም። ሚዛን ከደፋ ይበቃል።

የዚህ ሥራ ከባዱ ሰዓት ማስረጃ የሚያዝበት ነው። ደንቡ ተጠርጣሪው ማስታወቂያ ከመድረሱ በፊት ወይም በደረሰው ሰዓት ዳታው እንዲያዝ ያዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ሌሊት ከተሰጠ ፋይል ይጠፋል፣ ደብተር ይቀደዳል። ስለዚህ ኃላፊው፣ የኮምፒውተር ባለሙያውና አንዳንዴም የሕግ ሰው አብረው ወደ ላብራቶሪው ይሄዳሉ። አንዱ ደብዳቤውን ይሰጣል። ሌላው የላብራቶሪ ደብተሮችን እየቆጠረ ይመዘግባል። ሦስተኛው የላፕቶፑንና የሃርድ ዲስኩን ሙሉ ቅጂ ይወስዳል። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ናሙና ካለ እሱም ይታሸጋል። ለእያንዳንዱ ዕቃ የርክክብ ወረቀት ይፈረማል። ተመራማሪው ሥራው እንዳይቆም ቅጂ ይሰጠዋል።

ሰዎቹ ለ20 ዓመት በአንድ ግቢ የኖሩ፣ በልጅ ምርቃት የተገናኙ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያች ሰዓት ማንም ጥፋተኛ አልተባለም። ግን በሩ ላይ የቆመው ተማሪ ሁሉንም አይቷል። ምስጢር ይጠበቅ ተብሎ ቢጻፍም ማታውኑ ግቢው ይሰማዋል። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የሚሸከሙት አንዱ ነገር ይሄ ነው። የሚያውቁትን መናገር አይችሉም፣ ሐሜቱን ማስተባበል አይችሉም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ሁለት ምስል እያነጻጸሩ አንዱ ተገልብጦ የተለጠፈ መሆኑን መፈለግ። የፋይል ታሪክ እያዩ ቁጥሩ መቼ እንደተቀየረ ማወቅ። የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲው የኤሪክ ፖልማን ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፖልማን በእርጅናና በውፍረት ምርምር ስም ያለው ሰው ነበር። በ2000 ዋልተር ደኒኖ የሚባል ወጣት የላብራቶሪ ሠራተኛ የታካሚዎችን የኮሌስትሮል ቁጥሮች ኮምፒውተር ላይ አስገባ። ውጤቱ ፖልማን የጠበቀውን አላሳየም። ፖልማን ፋይሉን ስህተት ካለ ላየው ብሎ ቅዳሜና እሑድ ወሰደው። ሲመልሰው ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። በዕድሜ መሻሻል ያሳዩ ሰዎች ብሶባቸዋል። ደኒኖ የድሮውንና የአዲሱን ፋይል ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ የቀድሞ ሠራተኞችን ጠየቀ፣ የሕግ ምክር ፈለገ፣ አመለከተ። ፖልማን በ2005 አመነ። በ17 የገንዘብ ማመልከቻዎች የውሸት ዳታ ተጠቅሟል። በ2006 አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ተፈረደበት።

የቬርሞንቱ ጉዳይ ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል። ሁለቱም ፋይሎች ነበሩ። ደኒኖም ቆራጥ ሆነ።

ሁሉም እንደዚያ አይሆንም። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ2005 የአንዲት አማካሪ ተማሪዎች የገንዘብ ማመልከቻዋ ላይ ያልተሠራ ሥራ እንደተሠራ ተጽፎ አገኙ። 6 ነበሩ። ለረጅም ጊዜ እርስ በርስ ተመካከሩ። ከጠቆሙ ላብራቶሪው ይዘጋል፣ የዓመታት ሥራቸውም አብሮ ይሄዳል። በመጨረሻ ጠቆሙ። ዩኒቨርሲቲው ትክክል ናችሁ አላቸው። ላብራቶሪው ተዘጋ። ከፊሎቹ ዶክትሬቱን ትተው ወጡ፣ ከሌሎቹም ከዜሮ የጀመሩ አሉ። እውነት ተናግረው፣ እውነታቸው ተረጋግጦ፣ ዋጋውን እነሱ ከፈሉ። ይህን ታሪክ ያነበበ ተማሪ «ጎመን በጤና» ብሎ ዝም ቢል አልፈርድበትም። የሚፈረድበት ለጠቆመ ተማሪ ሌላ አማካሪና የአንድ ሁለት ዓመት ደመወዝ አስቀድሞ ያላዘጋጀ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በአሜሪካ የሚማሩ ልጆቻችን እዚህ ላይ ድርብ ሥጋት አለባቸው። የተማሪ ቪዛ ያለው ልጅ ምዝገባው ከተቋረጠ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ይናጋል። በሥራ ቪዛ ያለ የላብራቶሪ ሠራተኛም ፈቃዱ ከቀጣሪው ጋር የታሰረ ነው። አለቃው ሲያጭበረብር ያየ ሰው ከአለቃው ጋር ብቻ ሳይሆን በአሜሪካ ከመቆየት ጥያቄ ጋር ነው የሚፋጠጠው። ደንቡ በቅንነት የጠቆመን ሰው ከበቀል ጠብቁ ይላል። ማመልከቻ ከመጻፉ በፊትም «እንዲህ ያለ ነገር ባመለክት ያስኬዳል ወይ?» ብሎ ኃላፊውን ማነጋገር የተለመደ ነው። ጥቆማው ስም ሳይጠቀስም ሊቀርብ ይችላል። እነዚህን ማወቅ ይጠቅማል። ግን በወረቀት ላይ ያለ ጥበቃና በላብራቶሪ ውስጥ ያለ ኑሮ አንድ አይደሉም።

ገንዘቡንም ማንሳት አለብን። አንድ ፕሮፌሰር ከመንግሥት የምርምር ገንዘብ ሲያመጣ ዩኒቨርሲቲው ለመብራት፣ ለሕንፃና ለአስተዳደር ብሎ ተጨማሪ ድርሻ ይወስዳል። ብዙ ገንዘብ የሚያመጣ ሰው ለግቢው ብዙ ሰው ያበላል። እንዲህ ያለ ሰው ሲከሰስ ወሳኙ ኃላፊ ክፉ መሆን አያስፈልገውም። «ጥንቃቄ ጎደለ እንጂ ማጭበርበር አይደለም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ዓይኑ ላይ ታምራለች፣ ያው ነው።

ዝምታው ግን ርካሽ አይደለም። ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ2019 ለአሜሪካ መንግሥት 112.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በአንድ የሳንባ ምርምር ላብራቶሪ ውስጥ የተፈጠረ ዳታ ለገንዘብ ማመልከቻ ውሏል በሚል ክስ ነው። የከሰሰው ጆሴፍ ቶማስ የሚባል የቀድሞ ሠራተኛ ነው። የአሜሪካ ሕግ መንግሥት ሲታለል አይቶ ለከሰሰ ግለሰብ ድርሻ ይሰጣልና 33.75 ሚሊዮን ዶላር ደረሰው። በውስጥ መንገድ የማይሰማ ነገር በፍርድ ቤት መንገድ ይመጣል።

ተከሳሹ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሲሆንስ? ስታንፎርድ ላይ ሆኗል። በኅዳር 2022 ቲዮ ቤከር የሚባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ በፕሬዚዳንቱ በማርክ ቴሲየር ላቪን የድሮ ጽሑፎች ውስጥ ስላሉ የተጠረጠሩ ምስሎች ጻፈ። ቦርዱ ልዩ ኮሚቴ አቋቋመ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ፕሬዚዳንቱ ከመሥራቾቹ አንዱ በሆነበት ኩባንያ ውስጥ የገንዘብ ጥቅም እንዳለው ጋዜጣው ሲዘግብ ከኮሚቴው ለቀቀ። ለኮሚቴው የሠሩት ከውጭ የመጡ ሳይንቲስቶች በሐምሌ 2023 ሪፖርት አቀረቡ። ፕሬዚዳንቱ ራሱ ዳታ አልለወጠም፣ ነገር ግን በላብራቶሪዎቹ የወጡ ስህተቶችን በጊዜው አላረመም አሉ። ሥልጣኑን ለቀቀ። እኔ የማደንቀው የሪፖርቱን መታተም ነው። ማንም ሰው ከፍቶ ማንበብ ይችላል። የተከሰሰውም የነጻበትና ያልነጻበት ቦታ በግልጽ ተጽፎለታል።

ለተከሳሽ ማሰብ የግድ ነው። የሳይንቲስቷን የቴሬዛ ኢማኒሺ ካሪን ጉዳይ የማያነሳ ሰው ስለዚህ ሥራ ግማሹን ነው የሚያወራው። በ1986 ሴል መጽሔት ላይ በወጣ ጽሑፍ ምክንያት በላብራቶሪዋ የምትሠራ ተመራማሪ ማርጎት ኦቱል ዳታው አይገጥምም አለች። ነገሩ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ኮንግረስ ሄደ። የብር ኖት አስመሳዮችን የሚያድነው ሴክሬት ሰርቪስ ሳይቀር የኢማኒሺ ካሪን ደብተሮች ወረቀትና ቀለም መረመረ። በ1994 ኦአርአይ በ19 ክሶች ጥፋተኛ ብሎ ለ10 ዓመት ከመንግሥት ገንዘብ እንድትታገድ ጠየቀ። በ1996 የይግባኝ ቦርዱ ሁሉንም 19 ክሶች ውድቅ አደረገ። 10 ዓመት! የጽሑፉ ተባባሪ የኖቤል ተሸላሚው ዴቪድ ባልቲሞር በመሃሉ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲን ፕሬዚዳንትነት ለቆ ነበር። ኦቱልም ብትሆን ሥራዋን አጥታ ብዙ ተንገላታለች። የላላ ምርመራ አጥፊውን ያስመልጣል፣ የተዝረከረከ ምርመራ ደግሞ ሁሉንም ያደቃል።

ስዊድን ከካሮሊንስካ ውርደት በኋላ ጠረጴዛውን ከግቢው አወጣችው። ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ በሕግ የተቋቋመ አንድ ብሔራዊ ቦርድ አለ። መቀመጫው ኡፕሳላ ነው። ሰብሳቢው ዳኛ የሆነ ወይም የነበረ ሰው መሆን አለበት። ሌሎቹ አባላት ተመራማሪዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ጥርጣሬ ሲገጥመው ራሱ አይመረምርም፣ ፋይሉን ያስተላልፋል። ጥፋተኛ የተባለ ተመራማሪ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቅጣቱን ግን አሁንም ቀጣሪው ነው የሚሰጠው። ቀለል ያሉ ጥፋቶችም ለዩኒቨርሲቲው ተትተዋል። ቦርዱ የሚያየው የዳታ ፈጠራን፣ ለውጥንና ስርቆትን ብቻ ነው።

ሙሉ መድኃኒት አይደለም። ለምሳሌ ከካሮሊንስካ 4 ጠቋሚዎች አንዱ ራሱ የ2011ዱ ጽሑፍ ተባባሪ ጸሐፊ ነበርና በ2018 ውሳኔ ጥፋተኛ ተባለ። ከቀሩትም ነቀፌታ የደረሳቸው ነበሩ። ሕጉን ካየነው ስሙን ጽሑፍ ላይ ያኖረ ሰው ኃላፊነት አለበት። ነገር ግን ይህን ያየ ሌላ ተባባሪ ጸሐፊ ነገ የሚጠቁም ይመስላችኋል? ይህን ጥያቄ ገለልተኛ ቦርድ ብቻውን አይመልሰውም። ራሱን ያጋለጠ ተባባሪ ቅጣቱ እንዲቀልለት በግልጽ መጻፍ አለበት። እስከዚያው ግን ወሳኙን ከቀጣሪው መለየት ትልቅ እርምጃ ነው፣ ሌሎች አገሮችም ቢከተሉት ደስ ይለኛል።

አገር ቤት ስንመጣ ነገሩ ከዚህም ቀድሞ ይጀምራል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የጥናት ሥነ ምግባርን የሚገመግሙ ኮሚቴዎች አሉ። እነሱ ግን የሚሠሩት ከጥናቱ በፊት ነው። ተሳታፊው ይጎዳል ወይ፣ ፈቃዱ ተጠይቋል ወይ ብለው ያያሉ። ከጥናቱ በኋላ «ይህ ዳታ በእርግጥ ተሰብስቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ጽሑፉን በኮምፒውተር ለግልባጭ ማስፈተሽ ይህን የሚሸፍን ይመስለዋል። አይሸፍንም። ሶፍትዌሩ የሚያገኘው የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ነው። በየግንቡ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው አዲስ አድርጎ የጻፈውን ጽሑፍ አይዝም። መጠይቁን ገጠር ሳይወርድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የሞላውን ዳታ ሰብሳቢም አይዝም።

ያንን የሚይዘው የተሞላው መጠይቅ ራሱ ነው። ቀን አለው፣ የእጅ ጽሑፍ አለው፣ የቀበሌ ስም አለው። 300 መጠይቅ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ተሞልቶ ከሆነ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በታብሌት ከተሰበሰበም ሰዓቱና ቦታው ይመዘገባል። ችግሩ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ያ ካርቶን የት እንዳለ ማንም አይጠይቅም። የቬርሞንቱ ደኒኖ የድሮው ፋይል ባይኖረው ምንም አያመጣም ነበር። ስለዚህ አዲስ ጽሕፈት ቤት ከማቋቋማችን በፊት የድኅረ ምረቃ ክፍሎቻችን ጥሬ ዳታው ከጽሑፉ ጋር አብሮ ገቢ እንዲሆንና ለተወሰኑ ዓመታት እንዲቀመጥ ቢያዙ፣ ጥቆማ ሲመጣ ደግሞ ፋይሉን የሚያየው ሰው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እንዲሆን ቢስማሙ፣ ብዙ በጀት አይጠይቅም። መቆለፊያ ያለው ክፍልና የርክክብ መዝገብ ይበቃል።